አምላክ እጁን ሲሰበስብ

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእሳችን አስማት፣ አማልክትና የሰው ነጻ ፈቃድ በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ እንዴት አብረው ይኖራሉ የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከአንድ መዶሻ ልጀምር።

አውሌ የሚባል አንጥረኛ አለ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በፈጠረው ዓለም ውስጥ ምድርን ካበጁት ታላላቅ መናፍስት አንዱ ነው። ተራራው፣ ማዕድኑ፣ ዕንቁው የእሱ እጅ ሥራ ነው። ይህ አውሌ አንድ ነገር ናፈቀው። የሚያስተምረው ሰው። የሁሉ ፈጣሪ ኤሩ ኢሉቫታር ልጆቼ ይመጣሉ ብሏል፤ መምጫቸው ግን ዘገየ። አውሌ መታገሥ አቃተው። ከተራራ ሥር ተደብቆ ሰባት አጫጭርና ጠንካራ ፍጥረቶች ሠራ። የድዋርፎች አባቶች ናቸው። የሚናገሩትን ቋንቋ እንኳ ራሱ ፈጠረላቸው።

ሥራው ባለቀበት ሰዓት ፈጣሪ ተናገረው። እነዚህ የሠራሃቸው አንተ ስታስባቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሲሄድ ግን ደርቀው ይቆማሉ፤ የምትፈልገው ይህንን ነው ወይ አለው። አውሌ አፈረ። እንዲህ ያለ ጌትነት አልፈለግሁም አለ። የፈለግሁት ከእኔ ሌላ የሆነ፣ የምወደውና የማስተምረው ነገር ነው። ሕፃን ልጅ የአባቱን ሥራ እያየ ቢጫወት አባቱን ንቆ አይደለም። ይህን ብሎ እያለቀሰ ትልቁን መዶሻ አነሳ። ሊሰባብራቸው።

ፍጥረቶቹ ከመዶሻው ሸሹ። ፈሩ። አንገታቸውን ደፍተው ማረን አሉት።

ፈጣሪም መለሰለት። የሰጠኸኝን ገና ስትሰጠኝ ተቀብዬዋለሁ፤ አታይም ወይ፣ አሁን የራሳቸው ሕይወት፣ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ባይኖራቸውማ ኖሮ ከምትህ ባልሸሹ ነበር። አውሌ መዶሻውን ጣለና ደስ አለው።

ይህን ገጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ለታ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ነጻ ፈቃድ ብዙ ሰምቻለሁ። በቤተ ክርስቲያንም፣ በትምህርት ቤትም። ማንም ግን እንዲህ አድርጎ አላሳየኝም። የፈቃድ መጀመሪያው ምልክት ጀግንነት አልነበረም። ከመዶሻ ሥር የሸሸ ትከሻ ነው። ለሠራህ ጌታ እንኳ “አይሆንም” ብሎ የሚያፈገፍግ አካል።

ሲራክ ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፤ ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ ይላል። ብዙ ጊዜ የምናስበው እጁን ስለሚሰድደው ሰው ነው። እኔ ስለ ሌላኛው እጅ አስባለሁ። እሳቱንና ውሃውን ካቀረበ በኋላ ስለተሰበሰበው እጅ። ያ እጅ ካልተሰበሰበ የሰውየው እጅ የትም አይሄድም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ይህ ሐሳብ ያሳሰበኝ በራሴ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልቦለድ ጀምሬ ነበር። ወንድሟን ጠንቋይ የያዘባት ልጅ ናት። ሐይቅ ትሻገራለች፣ ገደል ትወጣለች፣ ትራባለች። መጨረሻ ላይ ጠንቋዩ ፊት ስትቆም ከሰማይ መልአክ ወርዶ ሰንሰለቱን በጠሰላት። በጣም ወድጄው ነበር። ረቂቁን ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት። አንብቦ ሲመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “ታዲያ ልጅቷ ለምን መጣች?”

መልስ አልነበረኝም። መልአኩ መንደሯ ድረስ መጥቶ ነገሩን መጨረስ ይችል ነበር። ሐይቁም፣ ገደሉም፣ ረሃቡም ከንቱ ሆኑ። ዛሬ በአማርኛ ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ሲያሳዩኝ ይኸው ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አምላኩ ወይም አስማቱ ሰውየውን ይበላዋል።

እስቲ አስማት የሚለውን ቃል እንየው። አስማት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው። የስም ብዙ ቁጥር ነው። ክታብ ከፍቶ ያየ ሰው “በኃይለ ዝንቱ አስማቲከ” የሚለውን ያውቀዋል። በእነዚህ ስሞችህ ኃይል ማለት ነው። ድሮ ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙም ይጻፍበታል። ያው የክርስትና ስም ደግሞ ለማንም አይነገርም፣ መተት እንዳይሠራበት። አያቴ በሰው ፊት በክርስትና ስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ልብ በሉ፤ በእኛ ቋንቋ የአስማት ሥሩ የአንድን ነገር ስም መያዝ ነው። ስሙን የያዘ ባለቤቱን ያዘ።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ባሳተመችው የኧርዝሲ ታሪክ ውስጥ አስማት ልክ እንዲህ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ነገር እውነተኛ ስም አለው። ስሙን ያወቀ ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰው ስሙን ይደብቃል። እዚያ ዓለም ውስጥ አማልክት የሉም ማለት ይቻላል፤ ጣልቃ የሚገባ የለም። አስማተኛውን የሚገታው ሚዛን ነው። ሻማ ብታበራ ጥላ ይወድቃል፤ የሠራኸውን ሁሉ ዓለሙ ይከፍልበታል። ወጣቱ ጌድ በትዕቢት ከሙታን ወገን መንፈስ ጠርቶ ጥላ ለቀቀ። ፊቱ ተቦጫጨቀ፣ የትምህርት ቤቱ ሊቀ ጠቢባንም እሱን ሲያድኑ ሞቱ። ልጁ ተሰብሮ፣ ሁሉ ሸሽቶት ሳለ አንድ ጓደኛው መጣና እውነተኛ ስሙን ነገረው። ስሜ ኤስታሪዮል ነው አለው። በዚያ ዓለም ይህ ማለት ነፍሴን በእጅህ አስቀምጫለሁ ማለት ነው። አንጀት ይበላል። ስም መንጠቅ መተት ነው። ያንኑ ስም ወድዶ መስጠት ግን ወዳጅነት ሆነ። በሁለቱ መካከል የቆመው የሰጪው ፈቃድ ብቻ ነው።

ወደ ቶልኪን ልመለስ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የእሱን ዓለም ነው። በ1951 ለአንድ አሳታሚ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ስለ ሁለት ዓይነት ኃይል ይናገራል። አንዱ የማይሞቱት ጥንታዊ ሕዝቦች፣ የኤልፎች ነው። ጥበብ ነው፤ ያለውን ነገር ያሳምራል። ሌላው የጠላት ነው። የሌላውን ፈቃድ ለመጨፍለቅ የሚውል ኃይል። የመጀመሪያው ፍጥረቱን እያዳመጠ ይሠራል። ሁለተኛው ይነጥቃል።

“የቀለበቶቹ ጌታ” በሚለው ትልቁ መጽሐፉ ውስጥ የጨለማው ጌታ የሳውሮን ቀለበት የነጣቂው ኃይል ዋና ዕቃ ነው። ትንሹ ፍሮዶ ይህን ቀለበት በተሠራበት የእሳት ተራራ ውስጥ ሊጥለው ይጓዛል። ግን አሠራሩን አስተውሉ። በጉልበት አይገፋህም። የሚያጎርስህ ያንተኑ ምኞት ነው። አብሮት የሚሄደው አገልጋዩ ሳም አትክልተኛ ነው። ቀለበቱ በሳውሮን ምድር በሞርዶር ድንበር ላይ ሲፈትነው ያሳየው ወርቅ ወይም ሴት አይደለም። በረሃው ሁሉ በሳም ትእዛዝ ወደ አበባና ፍሬ ሲለወጥ ነው ያሳየው። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ደግሞ ፍሮዶ ቀለበቱን ሲሰጠው ደነገጠ። ወደ ልቤ የሚገባው በርኅራኄ በኩል ነው አለ። ደካሞችን ልርዳ ብዬ እጀምራለሁ ማለቱ ነው። እኔ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ሰውን ለራሱ ጥቅም ብለህ ፈቃዱን ስትቀማው።

ጋንዳልፍ ራሱ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠንቋይ ይባላል እንጂ የተላከ መንፈስ ነው። የዓለሙ ጠባቂዎች ቫላር ከባሕር ማዶ አምስት እንደዚህ ያሉ መልእክተኞች ልከዋል። የሰጧቸው ትእዛዝ ግልጽ ነበር። በግርማችሁ አትገለጡ፤ የሳውሮንን ኃይል በኃይል አትግጠሙ፤ የማንንም ፈቃድ በፍርሃት ወይም በግድ አትግዙ። በሽማግሌ አካል፣ በድካም፣ በረሃብ ሂዱ። ምከሩ፣ አበረታቱ። ከአምስቱ አንዱ ሳሩማን ይህን ትእዛዝ መሸከም ከበደው፤ ወደቀ። ጋንዳልፍ ግን ሳውሮን እስኪወድቅ ድረስ በምርኩዝ ሄደ።

ለምን ይመስላችኋል እንዲህ ያለ ትእዛዝ? ቫላር አንዴ አይተውታልና ነው። የሰዎች ደሴት የኑመኖር ንጉሥ አር ፋራዞን ሞትን ልሻር ብሎ መርከብ አሰልፎ ወደ አማልክቱ ምድር ዘመተ። ቫላር ሥልጣናቸውን አስቀምጠው ወደ ኤሩ ጮኹ። የኤሩ ሙሉ እጅ ወረደ። ደሴቲቱ ሰጠመች፣ የዓለሙ ቅርጽ ተለወጠ። ያመለጡት ዘጠኝ መርከቦች ነበሩ። ንግሥቲቱ ታር ሚሪኤል ወደ ቅዱሱ ተራራ እየወጣች ሳለ ማዕበሉ ያዛት። ንጉሡ ያገባት በግድ ነበር። ዙፋኑም የእሷ ነበር፤ ቀማት። በሕይወቷ ምንም ያልመረጠች ሴት በሌላው ምርጫ ሞተች። ቶልኪን ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። ይህ ዓለም የተፈጠረው በዝማሬ ነው። ኤሩ ዜማ ሰጠ፣ መናፍስቱ ዘመሩ፣ ዝማሬው ታሪክ ሆነ። መልኮር የሚባለው ታላቁ መንፈስ የራሱን ዜማ አስገብቶ ረበሸ። ኤሩም በመጨረሻ ነገረው፦ ምንጩ ከእኔ ያልሆነ ዜማ የለም፤ ልታበላሽ ያሰብከው ያላሰብከውን ውበት ያመጣል። ምሳሌውን የሚያየው የውሃው ጌታ ኡልሞ ነው። መልኮር ውሃን ለማጥፋት ብርድ አመጣ። ከብርዱ የበረዶ ቅንጣት ተወለደ፤ ማንም ያልዘመረው ውበት።

ያምራል። ግን ሁሉ ነገር አስቀድሞ ከተዘመረ ፍሮዶ የሚመርጠው ምንድን ነው? ቶልኪን መልስ ሰጥቷል። ለሌላው ፍጥረት ዝማሬው እንደ ዕጣ ፈንታ ነው፤ ለሰው ልጆች ግን ከዝማሬው አልፈው ሕይወታቸውን የሚቀርጹበት ስጦታ ተሰጥቷቸዋል ይላል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ በዚህ በፍልስፍና ተፈታ ብዬ አላምንም። ቶልኪንም በክርክር ሊፈታው የሞከረ አይመስለኝም። ያደረገው ማሳየት ነው። ሦስት ቦታ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የኤልፎቹ ጌታ የኤልሮንድ ሸንጎ ነው። ጥበበኞቹ ሁሉ ተሰብስበው ቀለበቱን ማን ይሸከም ሲባል ዝም አሉ። ትንሹ ፍሮዶ ተነሣ። እኔ እወስደዋለሁ፣ መንገዱን ግን አላውቀውም አለ። ኤልሮንድ ምን እንዳለው ታስታውሳላችሁ? ይህ ሥራ ለአንተ የተመደበ ይመስለኛል አለው። ቀጠለና ደግሞ ሸክሙ እጅግ ከባድ ስለሆነ ማንም በሌላው ላይ ሊጭነው አይችልም፤ እኔም አልጭንብህም፤ ወድደህ ከወሰድከው ግን ምርጫህ ትክክል ነው እላለሁ አለው። ተመድቧልም፣ አልጭንብህምም። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ። እናቶቻችን “ጽዋው ነው” እያሉ ልጃቸውን ደግሞ “አስብበት” እንደሚሉት ነው።

ሁለተኛው አሞን ሄን የሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። ፍሮዶ ቀለበቱን አጥልቆ ከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሳውሮን ዓይን ይፈልገዋል፤ ጣቱ ሊደርስበት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አውልቀው፣ አውልቀው የሚል ድምፅ ይመጣል። በኋላ እንደምናውቀው የጋንዳልፍ ድምፅ ነው። ሁለቱ ኃይሎች በልጁ ውስጥ ይታገላሉ። እኩል ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት ፍሮዶ ራሱን አወቀ። ዓይኑም አይደለም፣ ድምፁም አይደለም፤ ፍሮዶ ነው። ለመምረጥ ነጻ ነው፣ የቀረውም አንድ አፍታ ብቻ ነው። ቀለበቱን አወለቀ።

እዚህ ቦታ ላይ በጎው ድምፅም ቦታ መልቀቁን አስተውሉ። ጋንዳልፍ አሸንፎ ጣቱን አልጎተተለትም። ክፉውን ገፍቶ ሚዛኑን እኩል አደረገለት። የቀረውን ለልጁ ተወለት። የአማልክት እርዳታ በልቦለድ ውስጥ ምን ያህል መሆን አለበት ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማሳያችሁ ይህን ገጽ ነው።

ሦስተኛው የእሳቱ ተራራ ነው። እዚህ ጋ ብዙ አንባቢ ይቀየማል። ፍሮዶ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እሳቱ አፋፍ ላይ ቆመና እጅ ሰጠ። ላደርገው የመጣሁትን አሁን ላደርግ አልመርጥም፤ ቀለበቱ የእኔ ነው አለ። ፈቃዱ እንደ ጉልበቱ አለቀ። አንባቢዎች በደብዳቤ ሲጠይቁት ቶልኪን ፍሮዶን አልኮነነውም። ያለውን ሁሉ ጨርሶ ነው እዚያ የደረሰው የሚል ነበር መልሱ።

ከዚያ ቀለበቱን ድሮ ይዞት የነበረውና ሲከታተላቸው የቆየው ጎለም ዘልሎ ጣቱን ከነቀለበቱ ነክሶ ቆረጠው፤ በደስታ ሲጨፍርም ገደሉ ከዳውና እሳት ውስጥ ገባ። ቶልኪን በአንድ ደብዳቤው በዚያ ቅጽበት የታሪኩ ጸሐፊ እጁን እንዳስገባ ተናግሯል፤ ጸሐፊ ስል ራሴን ማለቴ አይደለም ይላል። ታዲያ ይህ ከእኔ መልአክ በምን ተሻለ?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ፣ ወደ አንድ ጨለማ ዋሻ መሄድ አለብን። የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ ቀለበቱን አጥልቆ ቆሟል፤ አይታይም። ሰይፍ በእጁ ነው። ጎለም መውጫው ላይ ተቀምጦ መንገድ ዘግቶበታል። አንድ ምት ይበቃው ነበር። ቢልቦ የጎለምን ኑሮ አሰበ። ብርሃን የሌለበት፣ ተስፋ የሌለበት፣ ድንጋይና ቀዝቃዛ ዓሣ ብቻ የሆነ ዕድሜ። ሆዱ ባባ። እጁን ሰበሰበና በላዩ ዘልሎ አለፈ።

ጸሐፊዎች ለሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ የዋሻ ታሪክ ያለበት “ሆቢት” የሚባለው መጽሐፍ በ1937 ሲታተም፣ በመጀመሪያው እትም ይህ ቦታ አልነበረም። እዚያ ጎለም መውጫውን አሳይቶት በሰላም ነው የሚለያዩት። ቶልኪን ምዕራፉን እንደገና የጻፈው ለ1951ዱ እትም ነው፤ ትልቁን መጽሐፍ እየጻፈ ሳለ። ወደ ድሮ መጽሐፉ ተመልሶ አንድ ምሕረት ተከለ። ከቢልቦ በኋላ ፍሮዶ ጎለምን ማረው። በመጨረሻም ሳም፣ ጎለምን ከማንም በላይ የሚጠላው ሳም፣ በተራራው ጎን ላይ ሰይፉን አንሥቶ መለሰው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ እንኳ ቢመታ ኖሮ እሳቱ አፋፍ ላይ የሚደርስ ጎለም አይኖርም ነበር። አምላክ የገባው ሰዎች በከፈቱት በር ነው። የእኔ መልአክ ግን ማንም ያልከፈተለትን ጣሪያ ቀድዶ ነበር የወረደው።

ቀለበቱ የጠፋበት ቀን መጋቢት ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 25። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ቀኑ በእነሱ ዘንድ የገብርኤል ብሥራት የሚታሰብበት ነው። በድሮው የጁልየስ አቆጣጠር ማርች 25 ደግሞ የእኛው መጋቢት 29፣ ጽንሰቱን የምናስብበት ቀን ነው። በብሥራቱም ታሪክ መልአኩ ተናግሮ የአንዲት ልጅን “ይሁንልኝ” ይጠብቃል። ይህን ሳስተውል ደስ አለኝ።

ወደ መጨረሻው አንዲት እህት እጇን አውጥታ የጠየቀችኝን ልመልስ። እንዲህ ከሆነ በዚያ ዓለም ጸሎት ምን ይሠራል አለች። አምላኩ እጁን ከሰበሰበ ማን ይሰማል?

ሳምና ፍሮዶ ሞርዶር ውስጥ ናቸው። ውሃ የለም፣ ጨለማ ነው። ሳም ያቺን የኤልፎች እመቤት ጋላድሪኤልን እያሰበ ይናገራል። እመቤቴ፣ የምንፈልገው ብርሃንና ውሃ ብቻ ነው ይላል፤ ንጹሕ ውሃና ተራ የቀን ብርሃን፣ ከየትኛውም ዕንቁ ይሻላል። ብዙም ሳይቆይ ነፋሱ ዞረ፣ ደመናው ትንሽ ገለጥ አለ። ኋላም ከቋጥኝ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ አገኙ። ብርሃንና ውሃ ለምኖ ብርሃንና ውሃ ተሰጠው። ንስር መጥቶ ተራራው አናት ላይ አላደረሳቸውም። የሚሄዱበት ጉልበት ተሰጣቸው፤ መሄዱ የእነሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍሮዶ መሄድ አቃተው፤ በደረቱ መሳብ ጀመረ። ሳም አለቀሰ። ቀለበቱን ልሸከምልህ አላለውም፤ ያ ሸክም የፍሮዶ እንደሆነ ያውቃል። እሱን ልሸከምልህ አልችልም፣ አንተን ግን መሸከም እችላለሁ አለው። ዝቅ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ፍሮዶ አንገቱን አቀፈ። ሳም ከነቀለበቱ ክብደት እየጠበቀ፣ ጉልበቴ ይከዳኛል እያለ ፈርቶ ተነሣ። ልክ አያት ልጅ እንደሚያዝል ቀለለው። ሽቅብ መራመድ ጀመረ።